የሲፈን ከንፈር

አማቴን እምቢ ያልኳቸው በትዳር ዘመኔ አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም አዳማ መናኸሪያ መሃል፣ የአምስት ወር ልጄን ታቅፌ፣ ደም የጠጣ ፎጣ አፏ ላይ ይዤ ነው። የዚያን ቀን ነገር ለብዙ ሰው በአፌ ተርኬዋለሁ። ሁልጊዜ ግን የሆነ ነገር ዘልዬ ነው የምጨርሰው። አሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ሳልቸኩል ልጻፈው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። ሰናይት እባላለሁ። ሻሸመኔ ነው ያደግሁት። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስለሞተች አክስቴ አሳደገችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ነገር ግን በቤቷ የሚናገረው ትልቅ ሰው ብቻ ነበር። ገመቹን አግብቼ ባቱ ስገባም በዚያው ጠባይ ገባሁ። በቀን መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ አንድ ክፍል ሙሉ የሚንጫጫ ልጅ በአንዴ ጸጥ አሰኛለሁ። ቤት ስደርስ ግን ስለ ጨው ማነስ እንኳ አስተያየት የምሰጥ ሰው አልነበርኩም። ገመቹ ላንጋኖ ዳር ካሉት ሎጆች በአንዱ የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ባለሙያ ነው። ሳምንቱን እዚያው አድሮ እሁድ ይመጣል።

ሲፈን የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ስትወለድ ገላዋ ላይ ምንም አልነበረም። አራስ ቤት ሳለሁ፣ ሦስተኛው ሳምንት ግድም፣ ስታዛጋ የታችኛው ከንፈሯ ውስጠኛ ገጽ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል ቀይ ነጥብ አየሁ። ትንኝ የነከሳት መሰለኝ። ነጥቧ ግን በየሳምንቱ ትሰፋ ጀመር። ሁለት ወር ሲሞላት ሽምብራ አከለች። በአራተኛው ወር ከንፈሯን ወደ ውጭ ገልብጦ የሚታይ፣ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ ጥቁር ቀይ እብጠት ሆነ። ስታለቅስ ይወጠራል፤ ስትተኛ ትንሽ ይረግባል። ስትጠባ ለስላሳና ሞቅ ያለ ነገር ጡቴን ሲነካኝ ይሰማኝ ነበር።

ጎረቤት ሁሉ አስተያየት ነበረው። አንዷ "በእርግዝናሽ አምሮሽ ያልበላሽው ነገር አለ" አለችኝ። ሌላዋ የሰው ዓይን ነው አለች። ክትባት ሳስከትብ አንዲት ነርስ "ሲያድጉ ይጠፋል" ብላኝ ነበር፤ እዚያው ወረፋ ላይ የነበረች እናት ደግሞ ጠጋ ብላ "ካንሰር እንዳይሆን" አለችኝ። ከሁለቱ አብሮኝ ቤት የገባው ሁለተኛው ቃል ነው።

አማቴ አዴ ብርቄ የሚኖሩት አቦምሳ ነው። "አዴ" በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የምንሰጠው የክብር መጠሪያ ነው፤ እኔም እንደዚያው ነው የምጠራቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ ባቱ መጡ። ከንፈሯን ገልጠው አዩና መፍትሔውን ነገሩኝ። ከአቦምሳ ወጣ ብላ ባለች መንደር እንዲህ ያለውን ነገር በፈረስ ጭራ አስሮ የሚጥል ሰው አለ። ታስሮ ያልወደቀውን ደግሞ በምላጭ ይቆርጣል። ነገሩ ከወሬ የመጣ አልነበረም። የገመቹ ታላቅ ወንድም አንገቱ ላይ የበቀለበትን ሥጋ ያ ሰው አስሮ ጥሎለታል፤ ቦታውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጠባሳ እንኳ የለውም።

"ቅዳሜ እንሄዳለን" አሉኝ። ገመቹም በስልክ "እናቴ ታውቃለች" አለኝ። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ልጄን አዝዬ ወጣሁ።

ከባቱ አቦምሳ ለመሄድ አዳማ ላይ መኪና መቀየር አለ። የተሳፈርንበት ሚኒባስ መቂ ላይ ሰው አውርዶና ጭኖ ቀጠለ። መስኮት ዳር ነበርኩ፣ አዴ ብርቄ አጠገቤ። መቂን እንዳለፍን ሲፈን ተነጫነጨች፣ ጡት ሰጠኋት። ትንሽ ጠብታ አቆመች። ደረቴ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ያስመለሳት መስሎኝ ነጠላዬን ገለጥ አደረግሁ።

ወተት አልነበረም። አገጯ፣ አንገቷ፣ የእኔም ሸሚዝ ደም ሆኖ ነበር። እብጠቱ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁ ደሙ ይፈልቃል። ሲፈን ማልቀስ ጀመረች። ባለቀሰች ቁጥር ይብሳል።

"አዴ፣ እዩልኝ" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

አዴ ብርቄ አዩና "ያ ዋቀዮ" አሉ። ከዚያ በኋላ አምላካቸውን በኦሮምኛ ሲለምኑ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከኋላችን የነበረች ሴት ከቦርሳዋ ንጹሕ ፎጣ አውጥታ አቀበለችኝ። አጥፌ እብጠቱ ላይ ጫንኩት። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን።

"ምን ሆነች? ላቁም?"

"አታቁም" አለ አንድ ተሳፋሪ። "እዚህ ሜዳ ላይ ምን ይገኛል? አዳማ አድርሳቸው።"

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ለማንም አልቆመም። ዓለም ጤና አለፈ፣ ቆቃ አለፈ። ዓሣ ሻጮች መንገድ ዳር ቆመው ዓሣቸውን ከፍ አድርገው ሲያሳዩ በመስኮቱ አያቸው ነበር፤ ሕይወት እንደ ወትሮው መቀጠሉ ገረመኝ። የቆመ እንደሆን ለማየት ፎጣውን አንዴ አነሳሁት። መልሶ ፈለቀ። ከዚያ ወዲያ ለማንሳት ድፍረት አጣሁ። አፍንጫዋ እንዳይታፈን በአንድ እጄ አገጯን ይዤ፣ በሌላው ፎጣውን ተጭኜ፣ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ሞጆን አለፍን። ማልቀሷን ስታቆም ጭራሽ ፈራሁ። ተኛች ወይስ ደከመች? ጉንጯን በአፍንጫዬ ስነካካት ዓይኗን ገለጥ ታደርጋለች፣ መልሳ ትከድናለች።

አዳማ መናኸሪያ ስንወርድ ደሙ ቀስ ብሎ ነበር። ፎጣውን በትንሹ ገለጥኩ፤ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ አይፈልቅም። አዴ ብርቄም አዩ። ፊታቸው ተፈታ።

"ቆሟል። ተመስገን። በይ ነይ" አሉኝ።

ከፊት ለፊታችን የአቦምሳ መኪና ቆሟል። ረዳቱ ስሙን እየጠራ ነው፤ የቀረው ጥቂት ወንበር ነው። አዴ ብርቄ ዕቃቸውን ይዘው አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ።

"ሰናይት፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ሐኪም ቤት ልውሰዳት፣ አዴ።"

"ሰውየው እየጠበቀን ነው። መድማቱ ራሱ መነሣት እንዳለበት ምልክት ነው። ዛሬ ካልታሰረ ነገ ደግሞ ይደማል።"

"እሺ፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይያት።"

"ሐኪሞቹማ አይተዋት አልነበር? ይጠፋል ብለውሽ አልነበር? ጠፋ?"

የተናገሩት እውነት ነው። ስልካቸውን አውጥተው ገመቹን ደወሉለት፣ በኦሮምኛ አወሩትና ለእኔ አቀበሉኝ።

"ሰኒ" አለኝ ገመቹ፣ ከጀርባው ጄኔሬተሩ እየጮኸ። "እናቴ ያለችሽን አድርጊ። እሷ ልጅ አሳድጋለች።"

ሲፈንን አየኋት። ከንፈሯ አመድ መስሏል። በምላጭ የሚለው ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ሳይነካ እንዲህ የደማ ነገር በምላጭ ቢነካ ምን ይሆናል? ከመቂ እስከ አዳማ የመጣሁበትን መንገድ አሰብኩ። ከዚያች መንደር እስከ ሐኪም ቤት ያለውን መንገድ ደግሞ አሰብኩ።

"አይሆንም" አልኩ። "አዴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አይሆንም። አቦምሳ አልሄድም።"

አዴ ብርቄ አዩኝ። ያ አስተያየታቸው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ረዳቱ "እናት፣ ይገባሉ ወይስ ይወርዳሉ?" አላቸው። መልሳቸውን ሳልጠብቅ ዞሬ ወጣሁ፣ የመጀመሪያውን ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ። ሹፌሩ ሊያስነሣው ሲል ጋቢ ጎኔን ነካኝ። አዴ ብርቄ ዕቃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀምጠዋል።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ጎዝ በመድኃኒት ነክሮ እብጠቱን ያዘው። ከእጇ ደም ቀዳ። ደሟ ትንሽ እንደወረደ፣ ደም ለመስጠት ግን እንደማያደርስ ነገረኝ። ከዚያ "የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ትያት" ብሎ ደወለ። ቀዶ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ። ከምላጭ ሸሽቼ ምላጭ ላይ መጣሁ ማለት ነው?

የመጣችው ዶክተር ሀያት የምትባል፣ ሂጃብ ያደረገች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ከመንካቷ በፊት ጠየቀች።

"ስትወለድ ነበረ?"

"አልነበረም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው ያየሁት።"

"ከዚያ በፍጥነት አደገ?"

"በየሳምንቱ።"

"ስታለቅስ ይወጠራል?"

"አዎ።"

ጎዙ ሲነሣ ደሙ ቆሞ ነበር። ዶክተሯ ጓንቷን አድርጋ ከንፈሯን ቀስ ብላ ገለበጠች። አንድ ስስ የመስታወት ቁራጭ ወስዳ ካልተሰነጠቀው ጎን ላይ ጫን አደረገች። ቀዩ ነገር ከመስታወቱ ሥር ነጣ። ስታነሣው ተመልሶ ቀላ።

"አያችሁ? ውስጡ ያለው ደም ነው። ሲጫን ይወጣል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል" አለች። ቀጥላ በአልትራሳውንድ አየችው። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ሲርመሰመስ አየሁ። እሷ ረጅም ሰዓት የቆየች መሰለኝ። መጠየቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ምላሴ ግን አልታዘዝልሽ አለኝ። በመጨረሻ ወጣ።

"ካንሰር ነው?"

"አይደለም" አለች ዓይኔን እያየች። "ከመጠን በላይ የተባዙ ትንንሽ የደም ሥሮች ስብስብ ነው። ሕፃናት ላይ ይወጣል። ብዙው ከዓመት በኋላ በራሱ እየከሰመ ይሄዳል፤ ነርሷ የነገረችሽ ውሸት አልነበረም። የእሷ ግን የበቀለበት ቦታ አስቸጋሪ ነው። ስትጠባ ይቆስላል፣ ሲቆስል ይደማል፣ ማደጉንም ገና አልጨረሰም። ስለዚህ ዝም ብለን አንጠብቀውም።"

ሲፈንን አንስቼ አቀፍኳት። ያኔ አዴ ብርቄ ተናገሩ።

"ታዲያ ይቆረጥ?"

"አይቆረጥም፣ እናቴ። አሁን ብንቆርጠው እኔ ራሴ ደሙን ማቆም ሊከብደኝ ይችላል። ከንፈሯም ይበላሻል።"

"እኔ ልጄ ላይ በፈረስ ጭራ ሲታሰር አይቻለሁ። ወድቋል፣ ድኗል።"

ዶክተሯ አልሳቀችም። "የት ላይ ነበር የወጣበት?" ብላ ጠየቀቻቸው። መልኩን፣ ቀለሙን፣ ይደማ እንደነበር አንድ በአንድ ጠየቀች። "ያ ቆዳ የመሰለ ትርፍ ሥጋ ነው፤ ደም የለውም። ይሄ ሌላ ነው። እንዲያውም አፍ ውስጥ የሚወጣ ቀይ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ አብሮ ተወልዶ አብሮ የሚያድግ ነው፤ አንዳንዱ ትልልቅ ልጆች ድድ ላይ ወጥቶ እኔም ቆርጬ የማነሣው ነው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ ካልታወቀ ግን ማንም እጁን ባያነሣ ይሻላል" አለቻቸው።

ከዚያ መድኃኒቱን ነገረችን። የልብና የደም ግፊት ሕመምተኞች የሚወስዱት ክኒን ነው፤ ለሕፃን በልኩ ተዘጋጅቶ ሲሰጥ እነዚህን የደም ሥሮች ያኮማትራል፣ እድገታቸውንም ይገታል። የልብ ምቷን ሊያዘገይ፣ ስኳሯንም ሊያወርድ ስለሚችል የመጀመሪያውን ተኝታ እየታየች ትወስዳለች። ስሙን ስትጠራ አዴ ብርቄ ቀና አሉ።

"እሱን ክኒን አውቀዋለሁ። ሟቹ ባለቤቴ ይወስደው ነበር። እየወሰደው ነው የሞተው።"

አዴ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። የቁጣ ፊት አልነበረም፤ የፈራ ሰው ፊት ነበር። እሳቸው ሲፈሩ ያን ቀን ነው ያየሁት።

"ባለቤትዎ ለምን ይወስዱት ነበር?" አለች ዶክተሯ በቀስታ።

"ልቡ አብጦ ነበር።"

"የወሰዳቸው የልባቸው ሕመም ነው፣ እናቴ። የእሷን ልብ መጀመሪያ እናየዋለን። ደኅና ካልሆነ አልሰጣትም።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ተቀምጬ ጥያቄዎቼን ሁሉ ጠየቅኳት። ካልጠባች ምን ይሆናል? ትንፋሿ ቢያጥርስ? ስንት ወር ትወስዳለች? ባንሰጣትስ? ስንቱን ዓመት አፌ ውስጥ ያጠራቀምኩት ጥያቄ እንደሆነ እንጃ፣ አንዱ አንዱን እየጎተተ ወጣ። ሁሉንም መለሰችልኝ። "እንሞክር" አልኩ።

ሲመሽ ገመቹ ከላንጋኖ ደረሰ። የሸሚዜን ደም ሲያይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የልጁን እግር ይዞ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት የልብ ምርመራው ደኅና መሆኑ ተነገረን፤ ሲፈን ጠብታ መድኃኒቱን በስሪንጅ ወሰደች። እግሯ ጣት ላይ የልብ ምቷን የሚቆጥር ሽቦ ታስሯል። ነርሷ እየተመላለሰች ታያለች። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም፤ ጣራውን እያየች ትጫወት ነበር። ቆየት ብላ ዝም አለች። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። መቁጠሪያው ላይ ያለው ቁጥር ወረደ፣ እንደገና ወረደ።

"ነርስ" አልኩ።

ነርሷ ተረከዟን ወግታ ስኳሯን ለካች። "ወርዷል። አሁኑኑ መጥባት አለባት።"

ጡት ሰጠኋት። ቁስሉ ሲነካ አለቀሰችና ፊቷን አዞረች። እንደገና ሞከርኩ፣ እንደገና አዞረች። ነርሷ ዶክተሯን ለመጥራትና ግሉኮስ ለማዘጋጀት ወጣች። ገመቹ ቆሞ ፀጉሩን ይዟል። በራሴ አፍ "እንሞክር" ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን እያሰብኩ ጡቴን በሲኒ አለብኩ። ማንኪያውን ሳነሣ ወተቱ ፈሰሰ።

አዴ ብርቄ ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱት።

"አንቺ እለቢ፣ እኔ አጠጣታለሁ" አሉኝ።

ሲፈንን ክንዳቸው ላይ ቀና አድርገው ያዟት። ማንኪያውን ቁስሉ በሌለበት በጉንጯ በኩል አስገብተው ጠብ አደረጉላት። አልዋጠችም። ጉሮሮዋን በጣታቸው ሽር ሽር አደረጉት። ዋጠች። ሌላ ጠብታ ጨመሩ። ትንሽ በትንሽ፣ ሳይቸኩሉ፣ በኦሮምኛ የሆነ ነገር በለሆሳስ እያሉላት ሲኒው ባዶ ሆነ። ዶክተሯ ስትደርስ መቁጠሪያው ቀና ማለት ጀምሮ ነበር። እንደገና ሲለካ ስኳሯ ተመልሷል። ሲፈን ዓይኗን ከፍታ የአያቷን የጋቢ ጥለት ትጎትት ነበር።

ዶክተር ሀያት ጠብታውን ቀነሰችው፣ ሳትጠባ በፍጹም እንዳንሰጣት አስጠነቀቀችን፣ ጥቂት ቀን አስተኝታ ከተከታተለቻት በኋላ ወደ ቤት ላከችን። በሳምንታት ውስጥ የእብጠቱ ቀለም ከጥቁር ቀይ ወደ ግራጫ ዞረ፣ ቁስሉ ደረቀ። ወራት ሲያልፉ እየሟሸሸ ሄደ። ክትትሉ ከዓመት በላይ ወሰደ፤ አዳማን ያኔ ነው መንገድ በመንገድ ያወቅኳት። ዛሬ ሲፈን አፏን የማትዘጋ ሕፃን ሆናለች። ከንፈሯን ገልብጦ የሚያይ ሰው ትንሽ የላላች ነጣ ያለች ቦታ ያገኛል፤ ሌላ ምንም የለም።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ ያየሁትን ብቻ ነው። የልጃችሁ አፍ ውስጥ ቀይ ወይም ሰማያዊ ነገር ካያችሁ አታስቆርጡ፣ አታሳስሩ፤ የእኔን ልጅ መድኃኒትም ከሰው ሰምታችሁ እንዳትሰጡ። የሚያውቅ ሐኪም ይየው። "ማን ያነሣልኛል?" ከማለታችሁ በፊት "ይሄ ምንድን ነው?" በሉ። እኔ ለወራት የመጀመሪያውን ብቻ ስጠይቅ ነበር።

በእኔ ላይ የተለወጠው ግን ከዚህም ይሰፋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማክበርና ዝም ማለት አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር። አዴ ብርቄን ከእምቢታዬ በኋላም አከብራቸዋለሁ፤ እንዲያውም ያኔ ነው በደንብ ያወቅኳቸው። መናኸሪያው ውስጥ ስለተናገርኳቸው ቃል እስከ ዛሬ አንስተውብኝ አያውቁም። ተቀይመው ይሆን እያልኩ ግን ብዙ ጊዜ አስብ ነበር።

ባለፈው ወር ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ አዳማ ይዘናቸው ሄድን። እኔ ካርድ ሳወጣ ገመቹ ቀድሞ አስገባቸው። በሩ ላይ ስደርስ የዓይን ሐኪሙ ኦፕሬሽን እንደሚያስፈልጋቸው አስረድቶ ጨርሷል፣ ይስማሙ እንደሆነም ጠይቋቸዋል። እሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው በሩን በሩን ያያሉ። ገመቹ "እማ፣ መልሺለት እንጂ" ይላቸዋል።

"ምራቴ ትግባ" አሉት። "መጀመሪያ እሷ ትጠይቀው።"